አሥራ ስድስት

ከጀልባ መሳፈሪያው ጀርባ፣ ከቆርቆሮዋ ቤት፣
ሁለት ራውተር ተቀምጧል፣ ጎረቤት ለጎረቤት፤
ካንድ ሶኬት ይበላሉ፣
ባንድ ማራገቢያ ይተነፍሳሉ፣
ሰላምታ ግን የላቸውም፤
አንዱ የሚያውቀውን መንገድ ሌላው ሰምቶት አያውቅም።

አንደኛው የጀልባ ድርጅት ነው፣ አሮጌ፣ እርምጃ ቆጣሪ፤
"ዘጌ በሁለት፣ ጎርጎራ በአምስት" እያለ የሚያድር መስካሪ።
አሥራ አምስት ላይ ይደክመዋል፤
አሥራ ስድስት ማለት ለሱ፣ "የለም፣ ከምድር ጠፍቷል።"
ሌላው የጤና ቢሮ ነው፣ ስለ እርምጃ ግድ የለው፤
የመስመሩን ስፋት አይቶ ዋጋ ነው የሚሰፍረው።

ማን ነው ታዲያ ትክክሉ?
የዘጌን ሰው ብትጠይቅ፣ "ይህችው ናት" ነው ቃሉ፤
ካፒቴኑን ብትጠይቅ፣ ወደ ሰማይ አንጋጦ፣
ሞገዱን፣ ናፍጣውን፣ የሞተሩን ሳል አመላልጦ፣
"ሃምሳ ደቂቃ" ይልሃል።
ሁለቱም አልዋሹም፤ በየቁናቸው ሰፍረዋል።

የኔ ሥራ ቁና መቀየር ነው፣ ከሌሊቱ በሰባት፣
የአንዱን መንገድ ለሌላው መንገር፣ በሚገባው ስፍረት።
ቸኮልኩና ዋጋ ሳልጽፍ ለቀቅሁት፤
የሆስፒታሉ መንገድ ወዲያ ማዶ ሲደርስ፣
አሥራ ስድስት ሆኖ አየሁት።
ዋጋው ያልተነገረ ነገር
ካለ አይቆጠርም ለካ፣ በዚያኛው አገር።

ሦስት ብዬ ጻፍኩ። ተቀበለ።

ግን ሁለተኛ በር አለን፣ በሆስፒታሉ ጣሪያ፣
አንዱ ቢቆረጥ ብለን ያኖርነው፣ ለመጠባበቂያ።
በዚህኛው የወጣው ወሬ በዚያኛው ዞሮ ገባ፤
የጤና ቢሮን የገዛ መንገዱን
እንደ አዲስ ዜና ነገረው፣ ያ ባለ ጀልባ።
እሱም አመነ።
ከደቅ ክሊኒክ ወደ ላብራቶሪ የተላከች አንዲት ጥያቄ
መንከራተት ጀመረች፣
ከወደብ ወደ ጣሪያ፣ ከጣሪያ ወደ ወደብ፣
በየዙሩ ከዕድሜዋ አንድ እየተቀነሰ፣
ዜሮ ላይ ስትደርስ አለቀች፤ ለቅሶ የደረሰ የለም።

ስለዚህ ለያንዳንዱ መንገድ፣ ሲወጣ ከቤቱ፣
"ሰባ ሰባት" የሚል ማተብ አሰርኩ ባንገቱ።
በሁለቱም በሮች ላይ ሕግ አቆምኩ፦
"ሰባ ሰባትን ያሰረ፣ ወደ ወጣበት አይመለስ።"

እዚህ ላይ ተሳሳትኩ።
መከልከሉን ጽፌ መፍቀዱን ረሳሁት።
ከሕግ ሁሉ ግርጌ ደግሞ፣ ማንም ያልጻፈው፣
ሳይጠሩት የሚሠራ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦
"ስሙ ያልተነሣ ሁሉ፣ ይቅር።"

ስልኬ ጮኸ። ሲስተር ባንቺይርጋ፣ ከደቅ።
"ኧረ ሁሉም ጠፋብኝ! ምን ነካክተሽ ነው?"
"አንድ ቃል ነው የጎደለው" አልኳት።
"አንድ ቃል ከሆነ በይው እንጂ!"
አልኩት፦ ፍቀድ።

ሊነጋጋ ሲል ዘበኛው አያ ይግዛው፣
የድሮ ታንኳ ቀዛፊ፣ ደንገል ሲያጭድ ያረጀ፣
ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ በሩ ላይ ቆመ።
"ምን ስትሠሪ አደርሽ?"
"ሁለት መንገድ ሳስተዋውቅ።"
"ተዋወቁ?"
"ተዋወቁ። እንዳይምታቱ ግን ምልክት አድርጌባቸዋለሁ።"
ሳቀ። "ግልገል አባይም እንደዚያ ነው ይላሉ፤
ጣናን ሳይቀላቀል፣ ውሃውን ለይቶ ያቋርጣል አሉ።
እኔ አርባ ዓመት ቀዝፌ፣ በየደረስኩበት ጠጥቼ፣
የቱ እንግዳ፣ የቱ ባለቤት እንደሆነ
ውሃው አንድ ቀን አልነገረኝም።"

መልስ አልነበረኝም። ወደ ስክሪኑ ዞርኩ፦
ሆስፒታል፣ ሦስት፤ ማተቡ ባንገቱ።
የመጀመሪያዋ ጀልባ ውጭ ሞተሯን ሳለች፤
አምፖሉ አንዴ ብልጭ፣ አንዴ ደብዘዝ አለ፤
መብራት ሳይቀድመኝ
"አስቀምጥ" ብዬ ጻፍኩ።